የሩቁን ልክ ከቅርብ ማንበብ
ዝናብንና ወንዝን ከርቀት የመከታተል ታሪክ፦ ከሮዳ ዐምድ እስከ ክላውድ

መግቢያ

የዝናቡ ልክ የሚወሰድበት ቦታና ልኩ የሚፈለግበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ አንድ አይደሉም። ዝናቡ የሚጥለው በተራራው ላይ ነው፤ ጐርፉ የሚያሰጋው ግን በቈላ ያለውን ከተማ ነው። ግድቡ የሚሞላው ከሩቅ በሚመጣ ውሃ ነው፤ በሩን ለመክፈት ወይም ለመዝጋት የሚወስነው መሐንዲስ ግን ውሃው ሲነሣ አያየውም። ስለዚህ በሙያችን ውስጥ ጥንታዊው ጥያቄ «ምን ያህል ነው?» የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ «ልኩ ለሚያስፈልገው ሰው በጊዜው ደርሷል ወይ?» የሚለውም ጭምር ነው።

ዛሬ በአንድ ወንዝ ዳር የተተከለ መሣሪያ የለካውን በራሱ መዝግቦና በራሱ ልኮ፣ ባለሙያው ከጽሕፈት ቤቱ ሳይነሣ በደቂቃዎች ውስጥ እንዲያነበው ያደርጋል። መዝገቡም የሚቀመጠው በጣቢያው ወይም በመሥሪያ ቤቱ ሣጥን ውስጥ ሳይሆን፣ «ክላውድ» ማለትም «ደመና» ተብሎ በሚጠራው፣ በኢንተርኔት አማካይነት በኪራይ በሚገኝ የኮምፒዩተር አገልግሎት ዘንድ ነው። ይህ አሠራር ፍጹም አዲስ ቢመስልም የአንድ ረጅም ታሪክ የቅርብ ምዕራፍ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ያን ታሪክ በአጭሩ ማስታወስና፣ ከእርሱም በመነሣት ዛሬ ልናስብበት የሚገባንን ነገር ማመልከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ከተባሉት በስተቀር በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ውሃው ራሱ መልእክተኛ በነበረበት ዘመን

በካይሮ ከተማ፣ በዓባይ ወንዝ መካከል በምትገኘው በሮዳ ደሴት ላይ፣ በ861 በአባሲዱ ኸሊፋ በአል ሙተወኪል ትእዛዝ የተሠራ የውሃ መለኪያ ዛሬም ቆሞ ይታያል። መለኪያው በጥልቅ ጕድጓድ መካከል የቆመ ባለ ስምንት ማእዘን የእብነ በረድ ዐምድ ሲሆን፣ የክንድ ልክ ተቀርጾበታል። ጕድጓዱም በመሬት ውስጥ በተሠሩ ቦዮች ከወንዙ ጋር ይገናኝ ነበር። በየዓመቱ ወንዙ በሚሞላበት ወራት የውሃው ከፍታ በዚህ ዐምድ ላይ ይነበባል። 16 ክንድ በደረሰ ጊዜ መሬቱ በሚገባ እንደሚጠጣ ስለሚታወቅ ግብሩ በዚያው መጠን ይጣላል። ውሃው ከዚያ እጅግ ቢያንስ ረኀብ፣ እጅግም ቢበዛ ጥፋት ይፈራ ነበር።

የሮዳው ዐምድ ጠባቂ ያነበው የነበረው፣ ይወቀውም አይወቀው፣ የኢትዮጵያን ክረምት ነው። አስዋን ከሚደርሰው የዓባይ ውሃ 85 በመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ ደጋማ አገር የሚነሣ በመሆኑ፣ በጎጃምና በጎንደር፣ በወሎና በወለጋ የጣለው ዝናብ ሸለቆውንና በረሃውን አቋርጦ ሲያበቃ በዐምዱ ላይ የክንድ ምልክት ሆኖ ይታያል። እንግዲህ የሩቁን ዝናብ ከቅርብ ማንበብ አስቀድሞም ነበረ ማለት ነው። ነገር ግን የልኩ መልእክተኛ ውሃው ራሱ ስለ ነበረ፣ ወሬው ከጐርፉ ሊቀድም አይችልም ነበር። ወሬን ከውሃ ይልቅ ፈጣን የሚያደርግ ዘዴ እስኪገኝ ድረስ ይህ ጉድለት ሺህ ዓመት ያህል ሳይቃና ቆየ።

ሽቦው ከማዕበሉ በቀደመ ጊዜ

ጉድለቱን ያቃናው ቴሌግራፍ ነው። በአሜሪካ የስሚዝሶኒያን ተቋም ዋና ጸሐፊ የነበረው ጆሴፍ ሄንሪ ከ1849 ጀምሮ የቴሌግራፍ ሠራተኞች በየከተማቸው ያለውን የአየር ሁኔታ በሽቦ እንዲያስታውቁ አደረገ። በዚህም አኳኋን በብዙ መቶ ማይል ተራርቀው የሚገኙ ከተሞች አየር በአንድ ቀን፣ በአንድ ካርታ ላይ ሊታይ ቻለ።

ይሁን እንጂ መንግሥታትን ከእንቅልፋቸው የቀሰቀሳቸው ጥፋት ነው። በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ፣ በኖቬምበር 14 ቀን 1854፣ በባላክላቫ አጠገብ መልሕቃቸውን ጥለው የነበሩትን የእንግሊዝና የፈረንሳይ መርከቦች ብርቱ ማዕበል አወደማቸው። የፓሪስ የከዋክብት ጥናት ባለሙያ የነበረው ኡርባን ለ ቬርዬ ነገሩን እንዲመረምር ታዘዘ፤ ከየአገሩ የተሰበሰቡትን ልኬቶች ባስተያየ ጊዜም ማዕበሉ አውሮፓን አቋርጦ የመጣ መሆኑ ታወቀ። ጣቢያዎቹ በሽቦ ተያይዘው ቢሆን ኖሮ መርከቦቹን አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ይቻል ነበር ማለት ነው። በእንግሊዝ አገርም እንዲሁ በኦክቶበር 1859 «ሮያል ቻርተር» የተባለችው መርከብ በዌልስ ጠረፍ ሰጥማ ከ400 በላይ ሰዎች ካለቁ በኋላ፣ አድሚራል ሮበርት ፊትዝሮይ የባሮሜትር ልኬቶችን በቴሌግራፍ የሚሰበስቡ የጠረፍ ጣቢያዎችን አደራጀ። ከ1861 ጀምሮም ለወደቦች የማዕበል ማስጠንቀቂያ መላክ ጀመረ።

የፊትዝሮይ ሥራ ዕጣ ለእኛ ትምህርት አለው። ማስጠንቀቂያው አንዳንድ ጊዜ ሳይሳካ ስለ ቀረ የዘመኑ ሊቃውንት ነቀፉት። እርሱም በ1865 ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። በ1866 ማስጠንቀቂያው ሳይንሳዊ መሠረት የለውም ተብሎ ተቋረጠ፤ ነገር ግን ጥቅሙን በተግባር ያዩት የባሕር ሰዎች አጥብቀው በመጠየቃቸው በተከታዩ ዓመት ተመልሶ ተጀመረ። የአንድ ልክ ዋጋ የሚታወቀው በለካው ሰው ዘንድ ብቻ ሳይሆን፣ ኑሮው በልኩ ላይ በተመሠረተው ሰው ዘንድ መሆኑን ይህ ታሪክ ያሳያል።

ከዚያ በኋላ የቀረው ልዩ ልዩ አገሮች በአንድ መለኪያና በአንድ ሰዓት እንዲለኩ ማስማማት ነበር። በ1873 በቪዬና የተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባኤ የዚሁ ጥረት መጀመሪያ ሆነ፤ ዛሬ ያለው የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅትም ከዚያ ዘር የበቀለ ነው።

ሰው የማይጠብቀው ጣቢያ

ቴሌግራፉ ወሬውን ቢያፋጥነውም፣ ከመሣሪያው ሥር ቆሞ የሚያነብና ቁልፉን የሚመታ ሰው ግን የግድ ያስፈልግ ነበር። ሰው ሊደርስበት በማይችልበት ቦታ መሣሪያው ራሱ እንዲናገር ያደረገው ሬዲዮ ነው። ፈረንሳዊው ሮቤር ቡሮ በ1929፣ ሩሲያዊው ፓቬል ሞልቻኖቭ ደግሞ በ1930 ትንንሽ የሬዲዮ ማሠራጫዎችን ከመለኪያ ጋር በፊኛ ወደ ሰማይ ሰደዱ፤ መሣሪያዎቹም እየወጡ የላይኛውን አየር ሁኔታ በሬዲዮ ሞገድ አስታወቁ። ይህ ዘዴ እስከ ዛሬ ድረስ በየቀኑ ይሠራበታል።

በምድር ላይ የዚህ ዓይነቱን ጣቢያ ጥረትና ድክመት አንድ ላይ የሚያሳየን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሆነ ነገር ነው። በአውሮፓ የሚጥለው ዝናብና የሚነሣው ማዕበል አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ የሚመጣ በመሆኑ፣ ከአትላንቲክ ማዶ የሚገኘውን ወሬ ለማግኘት ጀርመኖች በጣም ይቸገሩ ነበር። በኦክቶበር 22 ቀን 1943 «ዩ-537» የተባለችው የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ መርከብ በካናዳ ሰሜናዊ ላብራዶር ጠረፍ ላይ በምስጢር አንድ ጣቢያ ተከለች። ጣቢያው ባትሪዎቹንና ማሠራጫውን የያዙ ከባድ በርሜሎች፣ ምሰሶና መለኪያዎች ነበሩት፤ በየሦስት ሰዓቱም የለካውን በሬዲዮ እንዲያስታውቅ ተደርጎ ተሠርቷል። ድንገት የሚያየው ሰው እንዳይጠራጠር የካናዳ የአየር ጠባይ አገልግሎት ንብረት የሚያስመስል ጽሑፍ ተጽፎበት ነበር። ይሁን እንጂ የሠራው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነበር። የሚጠግነው ሰው ወደዚያ ሊሄድ ስለማይችል ዝም አለ፤ ምን እንደ ሆነም ሳይታወቅ እስከ 1981 ድረስ በስፍራው ተረስቶ ኖረ። አሁን ቅሬታው በኦታዋ የጦር ቤተ መዘክር ይገኛል።

ከዚህ የምንረዳው ሰው የማይጠብቀው ጣቢያ ማለት ሰው የማያስፈልገው ጣቢያ ማለት አለመሆኑን ነው። የመለካቱን ድካም ከሰው ትከሻ ላይ ቢያነሣም፣ የመጠገኑን ኀላፊነት ግን አያነሣም።

ከተወርዋሪ ኮከብ እስከ ሳተላይት

ተራራማ አገር ለሬዲዮ ሞገድ አይመችም። በምዕራብ አሜሪካ ተራሮች ላይ የበረዶውን ክምችት ለማወቅ በ1970ዎቹ መጨረሻ የተዘረጋው «ስኖቴል» የተባለው መረብ ለዚህ ችግር ያገኘው መፍትሔ የሚያስደንቅ ነው። ከኅዋ ወደ ምድር የሚገቡ ጥቃቅን ጠጠሮች በአየር ውስጥ ሲቃጠሉ፣ ማለትም በተለምዶ ተወርዋሪ ኮከብ የምንላቸው፣ ለቅጽበት የሚተዉት ፈለግ የሬዲዮን ሞገድ እንደ መስተዋት ይመልሳል። ዋናው ጣቢያ ምልክት ሲልክ ፈለጉ ላይ ተንጸባርቆ በተራራው ላይ ያለው መሣሪያ ይሰማዋል፤ ያም በዚያችው ቅጽበት መልሱን ይሰድዳል። ጠጠሮቹ ቀንና ሌሊት የማያቋርጡ ስለሆኑ፣ የተራራው በረዶ ልክ በሚነድ ኮከብ ጫንቃ ላይ ተቀምጦ ብዙ መቶ ማይል ይጓዝ ነበር።

በዚያው ዘመን ሳተላይት መጣ። በ1972 ወደ ኅዋ የተላከው የመጀመሪያው ላንድሳት ፎቶግራፍ ከማንሣት ሌላ በምድር ላይ ከተተከሉ መሣሪያዎች ልኬት ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ክፍል ነበረው። በ1975 የመጀመሪያው የአሜሪካ ጎኤስ፣ በ1977 ደግሞ የአውሮፓው ሜቴኦሳት ከምድር ወገብ በላይ በ36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተቀምጠው ይህንኑ አገልግሎት አስፋፉት። በተለይ ሜቴኦሳት አፍሪካን በሙሉ በአንድ ጊዜ ከሚያይበት ቦታ ላይ የተቀመጠ በመሆኑ ለአህጉራችን ጥቅሙ ከፍ ያለ ነበር። በ1978 በፈረንሳይና በአሜሪካ ትብብር ሥራውን የጀመረው «አርጎስ» ደግሞ በውቅያኖስ ላይ የሚንሳፈፉ መለኪያዎችን ጭምር ተከታተለ።

ይህ ሁሉ እርምጃ ቢሆንም አገልግሎቱ ጠባብ ነበር። እያንዳንዱ ጣቢያ የሚናገርበት ደቂቃ ተወስኖ ይሰጠዋል፤ ከዚያ ውጭ ቢናገር የሌላውን ጣቢያ ቃል ያበላሻል። መቀበያውም ውድ ስለ ነበረ፣ ልኩ የሚገባው ወደ ጥቂት ታላላቅ ማእከሎች ነበር። የወንዙ ባለቤት የሆነው የወረዳ ሠራተኛ የራሱን ወንዝ ልክ ከሩቅ ዋና ከተማ መለመን ይኖርበት ነበር።

መዝገቡ ወደ «ደመና» ሲወጣ

ይህን ጠባብ በር ያሰፉት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ተንቀሳቃሽ ስልክ፣ አጭር የመልእክት ሥርዓትና በኪራይ የሚገኝ ኮምፒዩተር። በ1999 የአይ.ቢ.ኤም. ባልደረባ የነበረው አንዲ ስታንፎርድ ክላርክና አርለን ኒፐር የነዳጅ ቧንቧዎችን በሳተላይት ለመከታተል «ኤምኪውቲቲ» የተባለውን የመልእክት ሥርዓት አዘጋጁ። የሳተላይት መስመር ውድ ስለ ነበረ ሥርዓቱ ቃል እንዲቈጥብ ሆኖ የተቀረጸ ነው። በዚሁ ቍጠባው የተነሣ በዛሬው ጊዜ በትንሽ ባትሪ ለሚሠሩ ስፍር ቍጥር ለሌላቸው ሴንሰሮች የጋራ ቋንቋ ሆኖ ያገለግላል። በ2006 ደግሞ አማዞን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የመረጃ ማከማቻንና የስሌት ኀይልን በኪራይ ለማንም ፈላጊ ማቅረብ ጀመረ፤ ሌሎችም ተከተሉት።

አሠራሩ በአጭሩ እንደሚከተለው ነው። በዝናብ መለኪያው ውስጥ ያለችው ትንሽ ማንኪያ 0.2 ሚሊ ሜትር ዝናብ በሞላች ቍጥር ትገለበጣለች፤ መዝጋቢው መሣሪያም ግልበጣውን ከነሰዓቱ ይጽፋል። ከፀሐይ ብርሃን የሚሞላ ባትሪ ኀይል ይሰጠዋል። በተወሰነለት ጊዜ የስልክ ማሠራጫውን ቀስቅሶ የጻፈውን ይልካል፤ መስመር ካጣ ደግሞ በማኅደሩ አቈይቶ መስመሩ ሲመለስ ይልካል። ተቀባዩ ኮምፒዩተር ልኩ ሊታመን የሚችል መሆኑን ይመረምራል፤ ያስቀምጣል፤ ከአደጋው ወሰን ያለፈ ከሆነም ለሚመለከተው ሰው ስልክ መልእክት ይሰድዳል። ባለሙያው፣ የግድቡ ሠራተኛና ተመራማሪው በተለያየ ቦታ ሆነው ያንኑ አንድ መዝገብ በአንድ ጊዜ ያነባሉ።

በአፍሪካ የዚህ ዘዴ ጥሩ ምሳሌ በኔዘርላንድ የዴልፍት ዩኒቨርሲቲና በአሜሪካ የኦሬገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ መምህራን የተጠነሰሰው «ታህሞ» የተባለው ጥረት ነው። ከሰሐራ በስተ ደቡብ ባሉት አገሮች 20,000 ጣቢያዎችን የመትከል ግብ ይዞ የተነሣ ሲሆን፣ እስካሁን የተተከሉት ገና በመቶዎች የሚቈጠሩ ናቸው። መሣሪያው የሚንቀሳቀስ ክፍል እንዳይኖረው የተደረገው አቧራና ነፍሳት እንዳይደፍኑት ታስቦ ነው። ብዙዎቹ ጣቢያዎች የሚተከሉት በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነው፤ ተማሪው ይማርበታል፣ አካባቢውም ይጠብቀዋል።

በአገራችን

በኢትዮጵያ የዝናብ መዝገብ የተገነባው በተመልካቾች ትዕግሥት ነው። ጠዋት በሦስት ሰዓት ወደ መለኪያው ሄዶ፣ የተጠራቀመውን ውሃ በመስፈሪያ ሰፍሮ፣ በቅጹ ላይ መጻፍ ለአንድ ቀን ቀላል ነው፤ ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ሳያቋርጡ መፈጸም ግን ታላቅ ሙያ ነው። ቀድሞ ከሲቪል አቪዬሽን ጋር ተያይዞ ይሠራ የነበረው አገልግሎት በ1973 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ብሔራዊ የሜትሮሎጂ አገልግሎት ድርጅት ሆኖ ተቋቋመ። ዋና ዋናዎቹ ጣቢያዎች ልኬታቸውን በየዕለቱ በሬዲዮና በስልክ ሲያስታውቁ፣ የብዙዎቹ አነስተኛ ጣቢያዎች ቅጽ ግን በወሩ መጨረሻ በፖስታ ይላክ ነበር። እንዲህ ያለው መዝገብ ለአየር ንብረት ጥናት ዋጋው የማይተመን ቢሆንም፣ ለዛሬ ሌሊት ጐርፍ ግን አይደርስም።

1998 ዓ.ም. ይህን ልዩነት ከሁለት ወገን ያሳየ ዓመት ነበር። በዚያ ዓመት የዓለም የምግብ ፕሮግራም ለኢትዮጵያ ድርቅ የሚሆን የመድን ውል አክሳ ሪ ከተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ጋር ተፈራረመ። በ930,000 ዶላር ዐረቦን እስከ 7.1 ሚሊዮን ዶላር ሊያስገኝ የሚችለው ይህ ውል፣ ክፍያውን የሚወስነው በደረሰው ጉዳት ሳይሆን በ26 የአየር ጠባይ ጣቢያዎች በሚለካው ዝናብ ነበር። ዝናቡ በቂ ስለ ሆነ ክፍያ አልተደረገም። ነገር ግን በአንድ ወረዳ ጣቢያ የሚጻፍ ቍጥር በፓሪስ ላለ ገንዘብ ማዘዣ ሊሆን እንደሚችል ታየ፤ የጐደለ ወይም የዘገየ ቅጽም የገበሬውን ገንዘብ ሊያስቀር ይችላል ማለት ነው።

በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር መጨረሻ፣ በሌሊት፣ በድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ። ደቻቱ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚቈይ ወንዝ ነው። ዝናቡ የጣለው ከከተማው በላይ ባለው በሐረርጌ ደጋ ላይ ሲሆን፣ ሕዝቡ ተኝቶ ሳለ ደራሹ ደረሰበት። በሮዳ ዐምድ ዘመን እንደ ነበረው ሁሉ የዝናቡን ወሬ ያመጣው ውሃው ራሱ ሆነ። ከደጋው እስከ ከተማው ያለው ርቀት አጭር መሆኑ ሲታሰብ፣ ከላይ የሚተከሉ ጥቂት መለኪያዎች ሊያስገኙ የሚችሉት የማስጠንቀቂያ ጊዜ በሰዓታት እንኳ ባይሆን፣ ሰው ከወንዙ ዳር ለመሸሽ በሚያስፈልጉት ደቂቃዎች የሚመዘን ነው።

ልኩ ደርሶ ሰው ሳይነቃ

ይሁን እንጂ መሣሪያ መትከል ብቻውን እንደማያድን የሚያስተምር ምሳሌ በቅርቡ ታይቷል። በስፔን አገር በኦክቶበር 1982 የቶውስ ግድብ በጐርፍ ከተደረመሰ በኋላ፣ መንግሥቱ ዝናብንና ወንዝን በቅጽበት የሚከታተል አገር አቀፍ መረብ ማቋቋም ጀመረ፤ ሥራውም የተጀመረው አደጋው በደረሰበት በኹካር ተፋሰስ ነው። ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በኦክቶበር 29 ቀን 2024፣ በዚያው በቫሌንሲያ አካባቢ ከባድ ዝናብ ጣለ። በፖዮ ወንዝ ላይ የነበረው መለኪያ በእኛ ሰዓት አቈጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ55 ላይ በሴኮንድ 2,282 ሜትር ኩብ ውሃ ማለፉን ካስታወቀ በኋላ በጐርፉ ተወሰደ። ወደ ሕዝቡ ተንቀሳቃሽ ስልክ የአደጋ ማስጠንቀቂያ የተላከው ግን ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ11 ላይ ነበር። በአካባቢው የሞቱት ሰዎች ቍጥር ከ220 በላይ ነው።

ኀላፊነቱ የማን እንደ ሆነ መፍረድ የዚህ ጽሑፍ ተግባር አይደለም። ለባለሙያ የሚበቃው ቁም ነገር ግን ግልጽ ነው። መሣሪያው እስከ መጨረሻይቱ ደቂቃ ሥራውን ፈጽሟል። ከመጨረሻው ልክ እስከ ማስጠንቀቂያው ያለፉት 76 ደቂቃዎች የባከኑት በሽቦ ወይም በሞገድ ላይ ሳይሆን በሰው ውሳኔ መካከል ነው።

መዝገቡ የማን ነው?

ሌላው አሳሳቢ ጉዳይ የመዝገቡ ባለቤትነት ነው። ስሙ «ደመና» ይባል እንጂ መዝገቡ በሰማይ አይንሳፈፍም፤ ኤሌክትሪክና ማቀዝቀዣ ባለው፣ ብዙውን ጊዜም በሌላ አገር በሚገኝ ሕንፃ ውስጥ የተቀመጠ ነው። አንድ ጣቢያ በእርዳታ ገንዘብ ይተከላል፤ ፕሮጀክቱ በሚቈይባቸው ሦስት ወይም አራት ዓመታት የስልኩና የክላውዱ ኪራይ ይከፈላል፤ ፕሮጀክቱ ሲያበቃ ክፍያው ይቆማል። መሣሪያው በምሰሶው ላይ ቆሞ ሳለ ድምፁ ይጠፋል። ከዚያ የከፋው ደግሞ የተጠራቀመው መዝገብ ለመሥሪያ ቤቱ ሳይተላለፍ የቀረ እንደ ሆነ ያለፉት ዓመታት ልኬት አብሮ መጥፋቱ ነው። የወረቀት ቅጽ ቢያንስ በመደርደሪያ ላይ ይገኝ ነበር።

የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት በ1995 ባሳለፈው ውሳኔ አገሮች መሠረታዊ ልኬቶችን ያለ ክፍያ እንዲለዋወጡ ተስማምቷል፤ በ2021 ደግሞ ስምምነቱን ውሃንና ሌሎችንም የተፈጥሮ ዘርፎች እንዲያጠቃልል አስፍቶታል። ነገር ግን ለሌላው ማካፈል የሚችለው አስቀድሞ የራሱን መዝገብ በእጁ የያዘ ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ሙያዊ ጥንቃቄም አለ። የአሮጌው መለኪያና የአዲሱ መሣሪያ ንባብ ምንጊዜም ፍጹም አንድ አይሆንም። በብርቱ ዝናብ ጊዜ ተገልባጯ ማንኪያ በመገለባበጥ ላይ ሳለች የምታመልጣት ውሃ አለች። ስለዚህ ተመልካቹን በአንድ ቀን አሰናብቶ በመሣሪያ የሚተካ መሥሪያ ቤት፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዝናቡ መቀነሱን ወይስ መሣሪያው መለወጡን ለይቶ ማወቅ ይሳነዋል። ሁለቱ ለተወሰኑ ዓመታት ጎን ለጎን ሊለኩ ይገባል።

ማጠቃለያ

ከሮዳ ዐምድ እስከ ክላውድ ያለውን ታሪክ ስንመለከት፣ በየዘመኑ ርቀቱ እየሰፋ ጊዜውም እያጠረ መምጣቱን እናያለን። ሳምንታት ይወስድ የነበረው ወሬ ዛሬ በደቂቃ ይደርሳል። ከዚህ ሁሉ ለውጥ ጋር ግን ያልተለወጡ ነገሮች አሉ። የላብራዶሩ ጣቢያ ጠጋኝ አጥቶ ዝም ብሏል፤ የፊትዝሮይ ማስጠንቀቂያ ተጠቃሚዎቹ ባይሟገቱለት ኖሮ ተቋርጦ ይቀር ነበር፤ የቫሌንሲያው ልክ ደርሶ ሳለ ሕዝቡ ሳይነቃ ቀርቷል።

እንግዲህ የሙያ ባልደረቦቻችን አዲስ ጣቢያ ለመትከል ዕቅድ በሚያወጡበት ጊዜ ከመሣሪያው ዋጋ አስቀድመው አራት ነገሮችን ቢጠይቁ መልካም ነው። ሲበላሽ የሚጠግነው ማን ነው? ኪራዩን ፕሮጀክቱ ካበቃ በኋላ የሚከፍለው ማን ነው? የመዝገቡ ቅጂ በአገር ውስጥ የሚቀመጠው የት ነው? ልኩ ከወሰን ያለፈ እንደ ሆነ በሌሊት የሚቀሰቀሰውና ለማዘዝ ሥልጣን ያለው ሰው ማን ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች የሰው ስምና የበጀት ቍጥር መልስ ሆኖ ያልተገኘላቸው እንደ ሆነ፣ የሚተከለው ጣቢያ ለወደፊት ቤተ መዘክር የሚሆን ዕቃ ነው። መልስ ከተገኘላቸው ግን በደጋ የጣለው ዝናብ ወሬ ከጐርፉ ቀድሞ ቈላ ሊደርስ ይችላል። መሣሪያው አለ፤ የሚቀረው ሥራ የእኛ ነው።